አምስተኛው ጥይት

በእኛ ቀረርቶና ፉከራ የሚወደሰው ተኩሶ የማይስት፣ በመጀመሪያው ጥይት ነገሩን የሚጨርስ ሰው ነው። ክብደቱ ቀላል፣ አፈሙዙ አጭር፣ አረሩ ግን ወፍራም ለሆነ ሪቮልቨር በገዛ እጁ ጥይት የሚሞላ ሰው ግን ለመጀመሪያው ጥይት ያን ያህል አይጨነቅም። የእኔ ዳኛ አምስተኛው ነው። አምስት ጎራሹን ሽጉጥ ሞልቼ አራቱን እተኩስና አምስተኛውን ሳልተኩስ አወጣዋለሁ። ያ ጥይት በቀዳዳው ውስጥ ተቀምጦ የአራቱን ርግጫ ተቀብሏል። ርዝመቱን በካሊፐር ለክቼ ከመተኮሴ በፊት ከጻፍሁት ጋር ሳስተያየው፣ የመረጥሁት ባሩድ፣ አረርና የአፍ እጥፋት ለዚህ ሽጉጥ መሆን አለመሆናቸውን አውቃለሁ። ፍጥነትና የዒላማ ወረቀት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ሙያው ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። የተተኮሰ ጥይት አረሩና ባሩዱ ይሄዳሉ፣ የነሐስ ቀለሃው ይቀራል። ቀለሃው ይታጠባል፣ በተኩሱ የሰፋው ወገቡ ዳይ በሚባል ማጥበቂያ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ያገለገለው ፕራይመር (ባሩዱን የሚለኩሰው ቆብ) ወጥቶ አዲስ ይገባለታል። ከዚያ ባሩድ ተመዝኖ ይጨመርበታል፣ አረር ይቀመጥበታል፣ በመጨረሻም የቀለሃው አፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ አረሩን ይይዛል። በአሜሪካ በብዙ ቤቶች ምድር ቤትና ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ የቆየ ሙያ ነው። ለራስ መተኮሻ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሊሸጥ ካሰበ ግን ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን የገበያ መገበያያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ግን መሣሪያም ጥይትም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ናቸው። እዚህ የምጽፈው ሙያው በሕግ በተፈቀደበት በአሜሪካ ስላለው ሥራ ነው።

ስለ ሽጉጡም ጥቂት እንበል። .44 ስፔሻል የተባለው ጥይት በ1907 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ትልቅ ሪቮልቨር ጋር ወጣ። አባቱ .44 ራሺያን ነው፤ ቀለሃውን ጥቂት አስረዝመው አዲስ ስም ሰጡት። የጥንቱ የፋብሪካ ጥይት 246 ግሬን የሚመዝን ክብ አፍንጫ የእርሳስ አረር በ755 ጫማ በሰከንድ ገደማ ይወረውር ነበር። አንድ ግሬን ከ65 ሚሊግራም ትንሽ ያነሰ ስለሆነ አረሩ 16 ግራም ገደማ፣ ፍጥነቱም 230 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። የተወለደበት ሽጉጥ ከባድ ብረት ነበር። በ1973 ቻርተር አርምስ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ጥይት 570 ግራም ገደማ በሚመዝን፣ አምስት በሚጎርስ ቡልዶግ በተባለ ሪቮልቨር አወጣው። በ2003 ደግሞ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስካንዲየም የተጨመረበት የአሉሚኒየም አካልና የታይታኒየም ሲሊንደር ያለውን 329ፒዲ አመጣ። እሱ የሚጎርሰው የ.44 ስፔሻልን ጉልበተኛ ታናሽ ወንድም፣ .44 ማግነምን ነው፤ ክብደቱ ግን ከ700 ግራም ብዙም አይበልጥም። .44 ማግነም በ1955 ሲወጣ የተሠራለት ሽጉጥ ግን አንድ ኪሎ ተኩል ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው።

እነዚህ ቀላል ሽጉጦች የሚገዙት ለመሸከም ነው። በሮኪ ተራሮች ወይም በአላስካ ወንዞች ዳር የሚሄድ ሰው ድብ ያጋጥመኝ ይሆናል ብሎ ቀኑን ሙሉ ወገቡ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ የሚተኩሰው ግን በስንት ጊዜ አንዴ ነው። ለወገብ የተቀነሰው ክብደት በእጅ ላይ ይከፈላል። ስሌቱ ጥርጥር የለውም። 16 ግራም አረር በ230 ሜትር በሰከንድ ሲወጣ፣ የባሩዱን ጋዝ ድርሻ እንኳ ብንተወው፣ 570 ግራም የሚመዝነው ሽጉጥ ከ6 ሜትር በሰከንድ በላይ በሆነ ፍጥነት ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ጉልበቱም 12 ጁል ይጠጋል። ያው ጥይት ክብደቱ እጥፍ በሆነ ሽጉጥ ሲተኮስ የሽጉጡ ፍጥነትም ጉልበቱም በግማሽ ይቀንሳል። ክብደትን በግማሽ መቀነስ ርግጫን እጥፍ ማድረግ ነው፤ ለስላሳ የጎማ እጀታ ሕመሙን ያበርደው ይሆናል እንጂ ቁጥሩን አይለውጠውም።

ይህ ርግጫ ከተኳሹ እጅ በፊት የሚነካው ተራቸውን የሚጠብቁትን ጥይቶች ነው። ሽጉጡ በድንገት ወደ ኋላ ሲወረወር ቀለሃው ከንፈሩ ከሲሊንደሩ ጋር ስለተያያዘ አብሮ ይሄዳል። አረሩ ግን በክብደቱ ምክንያት ባለበት መቆየት ይፈልጋል። ስለዚህ ሽጉጡና ቀለሃው ከአረሩ ሥር ይሸሻሉ፤ አረሩም ከቀለሃው አፍ ወደ ፊት ይወጣል። በጠረጴዛዬ ላይ የተበላሸ ጥይት መፍቻ የሆነ የፕላስቲክ መዶሻ አለ፤ ጥይቱን በውስጡ አስሮ ጠንካራ ነገር ላይ መምታት ነው፣ አረሩ በራሱ ክብደት ተነቅሎ ይወጣል። ቀላል ሪቮልቨር በእያንዳንዱ ተኩስ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። አረሩ በጣም ከወጣ ጫፉ ከሲሊንደሩ ፊት ያልፍና የሽጉጡን አካል ይነካል፤ ሲሊንደሩም መሽከርከሩን ያቆማል። ድብ ፊት ለፊት ለቆመበት ሰው ከዚህ የከፋ ብልሽት የለም፤ ምክንያቱም ምላጭ ደጋግሞ መሳብ አይፈታውም።

ብዙ ሰው መድኃኒቱ የአፉን እጥፋት ማጥበቅ ብቻ ይመስለዋል። እጥፋቱ ያግዛል፤ ዋናው ያዥ ግን ቀለሃው አረሩን በሙሉ ርዝመቱ ጨምቆ የሚይዝበት ኃይል ነው። ይህ ኃይል የሚበላሸው ከእጥፋቱ በፊት፣ አረሩ እንዲገባ የቀለሃውን አፍ በሚከፍተው ማስፊያ ላይ ነው። የ.44 አረር ውፍረቱ 0.429 ወይም 0.430 ኢንች ነው። ማስፊያው ከአረሩ በኢንች ሁለት ወይም ሦስት ሺኛ ያህል ካልቀጠነ፣ ቀለሃው አረሩን ልል አድርጎ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢታጠፍ አይመለስም። እንዲያውም ከልክ በላይ የታጠፈ አፍ የቀለሃውን ወገብ አስብጦ አያያዙን ያላላዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የማስፊያውን ልክ አረጋግጣለሁ። ቀጥሎ ቀለሃዎቹን ሁሉ አንድ ርዝመት ላይ እቆርጣቸዋለሁ፤ ርዝመታቸው ከተለያየ እጥፋቱም ይለያያልና፣ ረጅሙ ሲጠብቅ አጭሩ ይለቃል። ብዙ ጊዜ የተሞላ ነሐስ እየደረቀ ስለሚሄድና ተጨምቆም ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ አሮጌውን ለከባዱ ብረት ሽጉጥ አስቀምጬ ለቀላሉ አዲሱን እመርጣለሁ። አረሩም ለእጥፋቱ የተሠራ ጥልቅ ቦይ ያለው መሆን አለበት። አንዳንድ አምራቾች በጣም ቀላል በሆኑ ሪቮልቨሮቻቸው ውስጥ ልባስ የሌለው የእርሳስ አረር አትጠቀሙ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለስላሳና የተቀባ እርሳስ ቶሎ ይሾልካል።

የአረር ክብደት ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ከባድ አረር ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። አንደኛ ሽጉጡን በኃይል ወደ ኋላ ይወረውራል፤ ሁለተኛ፣ ሽጉጡ ሲወረወር ተራውን የሚጠብቀው ወንድሙም ያን ያህል ከባድ ስለሆነ ከቀለሃው ለመውጣት ይበልጥ ይገፋፋል። ከ240 ወይም ከ250 ግሬን ወደ 200 ግሬን የወረደ ሰው ሁለቱንም ዕዳ ያቃልላል። ይሁን እንጂ ወርዶ ወርዶ የሚቆምበት ቦታ አለ፤ ያንን የሚወስነው የማነጣጠሪያው ከፍታ ነው። በአብዛኞቹ አጫጭር ሪቮልቨሮች ላይ ማነጣጠሪያው ከብረቱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ከፍና ዝቅ አይልም። ምላጩ ሲሳብ አረሩ ገና በአፈሙዙ ውስጥ እያለ አፈሙዙ መነሳት ይጀምራል። ዘገምተኛውና ከባዱ አረር ውስጥ ስለሚቆይ ከፍ ብሎ ይመታል፤ ፈጣኑና ቀላሉ ቶሎ ስለሚወጣ ዝቅ ብሎ ይመታል። ስለዚህ በ15 ሜትር ላይ አረሩ ካነጣጠርሁበት መዳፍ ሙሉ ዝቅ ብሎ ከመታ፣ ሽጉጡ ለከበደ አረር ተሠርቻለሁ እያለኝ ነው። ምክሩን እቀበላለሁ፤ ፋይል አንሥቶ የፊቱን ማነጣጠሪያ ከመሞረድ የባሩዱን ልክና የአረሩን ክብደት መለወጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ባሩዱ። አጭር አፈሙዝ ፈጣን ባሩድ ይፈልጋል የሚል አባባል አለ፤ በግማሹ እውነት ነው። በረጅም አፈሙዝ ከፍተኛ ፍጥነት የሚሰጠው ዘገምተኛ ባሩድ በአጭሩም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከፈጣኑ በልጦ ይገኛል። ልዩነቱ ግን እየጠበበ ይሄዳል፤ ዋጋው ደግሞ ይንራል። እንደ 2400 ወይም ኤች110 ያሉት ዘገምተኞች ብዙ ባሩድ ይጠይቃሉ፤ በ.44 ማግነም የባሩዱ ክብደት ከአረሩ አንድ አሥረኛ ሊደርስ ይችላል። ያ ሁሉ ክብደት በጋዝ መልክ ከአረሩ በላቀ ፍጥነት ስለሚወጣ ርግጫውን ያሳድጋል። ሁለት ኢንች ተኩል በሆነ አፈሙዝ ደግሞ ተቃጥሎ ሳያልቅ ደጅ ይወጣና የእሳት ኳስ ይሆናል፤ በምሽት ለተኮሰ ሰው ዓይን ይነሣል፣ ጆሮንም ይጎዳል። ለጥቂት ተጨማሪ ፍጥነት ይህን ሁሉ መክፈል ለእኔ አይዋጥልኝም። ኤች110ን በተለይ አምራቹ ራሱ ከተጻፈው ልክ ብዙ አትቀንሱት ይላል፤ ስለዚህ ለስለስ ያለ ጥይት ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያውኑ የሚሆነው አይደለም። እኔ የማነሣው ከመካከለኛ እስከ ፈጣን ያሉትን ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ዩኒክ ዛሬም ከመደርደሪያዬ አልወረደም።

ያልተቃጠለ ባሩድ ሌላም ጣጣ አለው። ባዶ ቀለሃዎች ሲወጡ ፍርፋሪው በኮከብ ቅርጽ ከተሠራው ማውጫ ሥር ይገባል። እዚያ አንዲት ቅንጣት ከቀረች ማውጫው ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም፣ ሲሊንደሩም አይዘጋም ወይም ከብዶት ይሽከረከራል። ስለዚህ በሙከራ ጊዜ ሽጉጡን ከፍቼ ጣቴን በማውጫው ሥር እሰዳለሁ፤ አሸዋ የመሰለ ነገር ከተሰማኝ ባሩዱ ወይ ዘገምተኛ ነው፣ ወይ እጥፋቱ ስላልያዘው ግፊት ሳይደርስበት ወጥቷል። ማውጫ ዘንጉም አጭር መሆኑን አትርሱ። የ.44 ማግነም ቀለሃ 32 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ የአጭር ሽጉጥ ዘንግ ግን ያን ያህል ርቀት ስለማይገፋ ቀለሃው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በረጅሙ ሽጉጥ ትንሽ ያዝ አድርጎ የሚወጣ ቀለሃ፣ እዚህ በጥፍር የሚነቀል ይሆናል። ቀለሃው በራሱ ክብደት የማይወርድ ከሆነ ጥይቱን ከዚህ ሽጉጥ አሰናብተዋለሁ።

ፈጣን ባሩድ የራሱ ወጥመድ አለው። እነዚህ ቀለሃዎች የተወለዱት ለጥቁር ባሩድ ከተሠሩ ሰፋፊ አያቶች ነው፤ የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ከሥራቸው ጥቂት ብቻ ይይዛል። ስለዚህ በስህተት ሁለት ጊዜ ቢጨመርበት እንኳ አይፈስም፤ ሁለት ልክ የተቀበለ ጥይት ደግሞ ቀላል ሽጉጥን ሊበትን ይችላል። መፍትሔው ሥርዓት ነው፦ ባሩድ ያልተጨመረበት ቀለሃ ሁልጊዜ ተደፍቶ ይቀመጥ፣ የተጨመረበት ይቁም፣ አረር ከመቀመጡ በፊት ሁሉም በረድፍ ቆመው በባትሪ ይታዩ። ከዚህም ሌላ፣ ለተመሳሳይ ሥራ ከሚሆኑ ባሩዶች መካከል በመጠኑ ተለቅ ያለውን፣ ሁለት ልክ ሲሆን ዓይን የሚስበውን ብመርጥ ይሻለኛል። ስልክ የሚያነሣ፣ ሬዲዮ የሚያዳምጥ፣ ወሬ የሚቀበል ሰው ባሩድ አይመዝን።

ሰፊ ቀለሃና ጥቂት ባሩድ ከሆነ ደግሞ ባሩዱ የተኛበት ቦታ ለውጥ ያመጣል። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ ቀስ ብሎ ወደ ዒላማው ያወረደ ሰው ባሩዱን ከፕራይመሩ አጠገብ አድርጎታል። ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ ወደ ላይ ያነሣ ግን ባሩዱን ወደ አረሩ ሰድዶታል። የፍጥነት መለኪያዬን ፊት ለፊት አቁሜ ሁለቱንም እፈትናለሁ። የተሸከመው ሰው ሽጉጡን የሚመዘው ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ስለሆነ፣ ለእኔ የሚታመነው ቁጥር ሁለተኛው ነው። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት የሚያሳይ ባሩድ በአማካዩ ጥሩ ቢመስልም አላምነውም። ርግጫ የፈራ ሰው ደግሞ ከመጽሐፉ ዝቅተኛ ልክ በታች መውረድ ያምረዋል፤ እዚያም አደጋ አለ። በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ባለው ክፍተት ጋዝ ስለሚያመልጥ፣ ደካማ ጥይት በተለይ ልባስ ያለውን አረር አፈሙዙ ውስጥ አስቀርቶት ሊቀር ይችላል። ድምፁ ለየት ያለ፣ ቀለል ያለ ተኩስ ከሰማሁ ሁለተኛ ምላጭ አልስብም፤ ሽጉጡን አውርጄ፣ ከፍቼ፣ አፈሙዙን አያለሁ።

የግፊት ነገር ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ጠመንጃ የሚሞሉ ሰዎች የተጠፈጠፈ ፕራይመር አይተው ግፊቱ በዝቷል ይላሉ። ለ.44 ስፔሻል በአሜሪካ ደረጃ የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 15,500 ፓውንድ በካሬ ኢንች ነው፤ ለ.44 ማግነም 36,000። ፕራይመር እስኪጠፈጠፍ የጠበቀ ሰው የትንሹን ሽጉጥ ወሰን እጅግ አልፎታል። የሽጉጥ ጸሐፊው ኤልመር ኪት በከባድ ሪቮልቨሮች ያሳደገው የ.44 ስፔሻል ጥይት ለማግነሙ መወለድ ምክንያት ሆኗል፤ ስኪተር ስኬልተን የተባለው ጸሐፊ የወደደው መካከለኛ ጥይትም ዛሬ ድረስ ስሙን ይዞ ይነገራል። ሁለቱም የተዘጋጁት ወፍራም ግድግዳ ላላቸው ሽጉጦች ነው። ያው ጥይት በቡልዶግ ሲሊንደር ውስጥ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይገባል፤ መግባቱ ግን ፈቃድ አይሆነውም። የባሩዱን ልክ በቁጥር ያልጻፍሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁጥሩ የሚወሰደው ከባሩዱና ከአረሩ አምራች ወቅታዊ መጽሐፍ፣ ለዚያው የሽጉጥ ዓይነት ከተጻፈው ነው፣ የሚጀመረውም ከዝቅተኛው። በታይታኒየም ሲሊንደር ላይ ደግሞ ተጨማሪ ሕግ አለ፦ ከውጭ ያለውን መከላከያ ሽፋን በሚፍቅ ነገር አለማጽዳት። የአምራቹም ማስጠንቀቂያ ይነበብ፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በቀላሎቹ የ.357 ማግነም ሽጉጦች አፈሙዝ ላይ ከ120 ግሬን ያነሰ አረር አትጠቀሙ ብሎ እስከ መቅረጽ ደርሷል።

መጨረሻ ላይ የሚቀረው እጅ ነው። ጥይቱ በካሊፐር፣ በፍጥነት መለኪያና በወረቀት ካለፈ በኋላ ከተተኮሰ ባዶ ቀለሃ ጋር ቀላቅዬ፣ የት እንደገባ ሳላይ ሲሊንደሩን እዘጋለሁ። መቺው ባዶው ላይ ሲወድቅ አፈሙዙ ወደ ታች ከተንቀጠቀጠ እጄ ርግጫውን ቀድሞ እየፈራው ነው። ይህ በአንድ ቀን ድካም የመጣ ከሆነ እረፍት ያድነዋል። በእረፍት ማግስትም ከተመለሰ ግን ጥይቱ ለእኔ በዝቷል፤ በመጽሐፉ ወሰን ውስጥ መሆኑ አያድነውም። ከዚያ ባሩዱን እቀንሳለሁ ወይም ቀለል ያለ አረር እመርጣለሁ፤ በ329ፒዲ ከሆነም .44 ስፔሻል ቀለሃ ላይ እመለሳለሁ። ከማግነም ሽጉጥ ውስጥ ስፔሻል መተኮስ አያሳፍርም፤ ተከታታይ አምስት ጥይት አንድ ቦታ የሚያሳርፍ ሰው አንድ ጥይት በኃይል ተኩሶ ቀሪውን ከሚያባክነው ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ ሳጥኑ ላይ የአረሩን ዓይነትና ክብደት፣ የባሩዱን ስምና ልክ፣ የፕራይመሩን፣ የቀለሃውን፣ የጥይቱን ሙሉ ርዝመትና ቀኑን እጽፋለሁ። ከሁሉ በላይ በትልቁ የምጽፈው የተሠራለትን ሽጉጥ ነው። ጓደኛ ለምኖኝ እንኳ ከዚያ ሳጥን አልሰጥም፤ የእሱ ሽጉጥ የአፍ ክፍተት፣ የእጁ ጥንካሬና የማነጣጠሪያው ከፍታ ከእኔ ይለያል። ይልቅ መጽሐፉን፣ ካሊፐሩንና ከጎኑ የምቀመጥበትን ቅዳሜ እሰጠዋለሁ፤ የራሱን አራት ይተኩስ፣ የራሱን አምስተኛ ይለካ።